ረቂቅ ተሕዋስያን፣ ክሎሪንና የብረት ቧንቧ ዝገት፦ ከመካነ ኢየሱስና መሰሎቿ ደጋማ ከተሞች አንጻር

መግቢያ

ውኃ በፈረቃ በሚለቀቅባቸው ከተሞች የሚኖር ሰው አንድ ነገር በሚገባ ያውቃል። ውኃ ለቀናት ጠፍቶ በተመለሰበት ማለዳ ከቧንቧው አስቀድሞ የሚወርደው ጥርት ያለ ውኃ ሳይሆን ቀላ ያለ፣ አንዳንድ ጊዜም ቡናማ መልክ ያለው ነው። በዚያ ውኃ ሻይ ያፈላ ሰው ሻዩ ከወትሮው ጠቁሮ ያገኘዋል፤ ነጠላ ያጠበበትም ነጩ ሸማ ብጫ ነጠብጣብ ይይዝበታል። በየቤቱ ያለው ልማድ የመጀመሪያውን ጀሪካን ደፍቶ ውኃው እስኪጠራ መጠበቅ ነው። መንስኤው ምን እንደሆነ ሲጠየቅም «መስመሩ ውስጥ አፈር ገብቶ ነው» የሚለው መልስ ይቀድማል።

አፈር የሚገባበት ጊዜ አለ። የብረት ቧንቧ ባለበት መስመር ግን ቀዩ ነገር ብዙውን ጊዜ ከውጭ የገባ አፈር ሳይሆን ቧንቧው ራሱ ነው፤ ማለትም ከግድግዳው የተፈታ ዝገት ነው። ከዚህ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ጉዳይ በዓይን አይታይም። ውኃው በሚቀላበት ሰዓት ከበሽታ የሚጠብቀው ክሎሪንም ከውስጡ አልቆ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ክስተቶች አብረው የሚመጡት በአጋጣሚ አይደለም፤ በብረት፣ በረቂቅ ተሕዋስያንና በክሎሪን መካከል ካለው የሦስትዮሽ ግንኙነት የሚመነጩ ናቸው።

ይህ ጽሑፍ ያንን ግንኙነት ያብራራል፤ መነሻ ያደረገውም በደቡብ ጎንደር ዞን የእስቴ ወረዳ ከተማ የሆነችውን መካነ ኢየሱስን ነው። ከተማዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ከጉና ተራራ፣ በስተ ደቡብ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከሚወርደው አገር መካከል የምትገኝ ስትሆን፣ የመሬቱን ከፍታ፣ የእሳተ ገሞራ ዓለቱንና የክረምቱን ዝናብ ከላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ፣ ከታች ጋይንቷ አርብ ገበያና ከስማዳዋ ወገዳ ጋር ትጋራለች። ዋናው ጭብጥ እንደሚከተለው ሊጠቃለል ይችላል፦ በቧንቧው ጫፍ ላይ የሚገኘው ቀሪ ክሎሪን የሚወሰነው በማጠራቀሚያው ጋን ውስጥ በተጨመረው መጠን ብቻ ሳይሆን በቧንቧው ግድግዳ ሁኔታ ጭምር ነው፤ ስለዚህም የክሎሪንን መጠን ማብዛት የመስመሩን መረጋጋት ሊተካ አይችልም።

ብረት በውኃ ውስጥ የሚዝግበት መንገድ

ዝገት የኤሌክትሮኬሚካል ሂደት ነው። በቧንቧው ግድግዳ ላይ አንዱ ነጥብ ኤሌክትሮን እየለቀቀ ብረቱን ወደ ውኃው ያሟሟል፤ ሌላው ነጥብ ደግሞ የተለቀቀውን ኤሌክትሮን ለሚቀበል ነገር ያስረክባል። በተለመደው የመጠጥ ውኃ ውስጥ ዋናው ተቀባይ የሟሟ ኦክሲጅን ነው። ክሎሪን ሲጨመር ሁለተኛ ተቀባይ ይሆናል፤ ኦክሲጅን በሌለበት ጥግ ደግሞ፣ ኋላ እንደሚታየው፣ የቆየው ዝገት ራሱና አንዳንድ ተሕዋስያን ይህንኑ ሚና ይወስዳሉ።

የደጋው አካባቢ በዚህ ሂደት ላይ የራሱ ተጽዕኖ አለው። በ2500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ ዝቅ ይላል። በመሆኑም በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በባሕር ጠለል ላይ በአንድ ሊትር ወደ 9.1 ሚሊግራም ኦክሲጅን የሚይዝ ውኃ በዚህ ከፍታ ሊይዝ የሚችለው ወደ 6.8 ሚሊግራም ብቻ ነው። የደጋው ውኃ ቀዝቃዛ መሆኑ ልዩነቱን በከፊል ያካክሰዋል፤ ቢሆንም ከቆላ ከተማ የተወሰደ የዝገት መጠን ለደጋ ከተማ እንዳለ ሊወሰድ እንደማይገባ ያመለክታል።

ሁለተኛው ተጽዕኖ የዓለቱ ነው። የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ በአብዛኛው በባዛልት የተሸፈነ ነው፤ በባዛልት ውስጥ የሚያልፍ የከርሰ ምድር ውኃም ዘወትር ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ባይካርቦኔት የሚበዛበት፣ ክሎራይድና ሰልፌት የሚያንስበት ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ላርሰን የክሎራይድና የሰልፌት ድምር ከባይካርቦኔት ጋር ያለው ንጽጽር ከፍ ባለ መጠን ውኃው ብረትን ይበልጥ እንደሚያጠቃ ማሳየቱ ይታወቃል። በዚህ መለኪያ የባዛልት ውኃ ለብረት ጠበኛ ከሚባሉት ወገን አይመደብም። ነገር ግን ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውኃ ኦክሲጅን የሚያንሰው፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚበዛበትና አንዳንዴም የሟሟ ብረት የያዘ ሊሆን ስለሚችል ከምንጭ ውኃ ጋር አንድ ባሕርይ አይኖረውም። ከምንጭ ወደ ጉድጓድ የምትሸጋገር ከተማ ለቧንቧዋ አዲስ ኬሚስትሪ ታስተዋውቃለች።

ሦስተኛው የቧንቧው ዓይነት ነው። በአነስተኛ ከተሞች አዳዲሶቹ መስመሮች በአብዛኛው ከፕላስቲክ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ በዚንክ የተለበጠ ብረት ጎልቶ የሚታየው ከጉድጓድ ውኃ በሚያወጣው ቧንቧ፣ በጋን መግቢያና መውጫ፣ በወንዝና በገደል ማቋረጫ፣ በቦኖና ወደ ቤት በሚገባው ቀጭን መስመር ላይ ነው። ዚንኩ አስቀድሞ እየተበላ ብረቱን ይጠብቃል፤ እሱ ካለቀ በኋላ ግን የብረቱ ዝገት ይጀምራል። የቧንቧው ቅጥነት ደግሞ ችግሩን ያባብሰዋል። 100 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ቧንቧ ውስጥ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውኃ 40 ካሬ ሜትር ግድግዳ ይነካል፤ በ25 ሚሊሜትር ቧንቧ ውስጥ ግን 160 ካሬ ሜትር። ስለዚህ የመጨረሻዋ አጭር የቤት መስመር ከረጅሙ ዋና መስመር ይልቅ የውኃውን ጥራት ልትለውጥ ትችላለች።

የዝገት እባጭና ውስጣዊ አሠራሩ

በቆየ የብረት ቧንቧ ውስጥ የሚታየው ዝገት አንድ ወጥ ሽፋን አይደለም። እዚህም እዚያም እንደ እባጭ ያበጠ ሲሆን፣ እያንዳንዱ እባጭ ቢያንስ ሦስት ክፍሎች አሉት። ውኃው የሚነካው የላይኛው ክፍል ልል ነው፤ በቀላሉም ይነሣል። ከሥሩ በዋናነት ማግኔታይትና ጎይታይት ከተባሉ ማዕድናት የተሠራ ጠንካራ ቅርፊት አለ። ከቅርፊቱ በታች፣ ብረቱ አጠገብ፣ ኦክሲጅን የማይደርስበት፣ የሟሟ ብረት የሚጠራቀምበት፣ ክሎራይድና ሰልፌት ከውኃው ይልቅ የሚበዙበትና አሲድነቱ ከፍ ያለ ባለ ቀዳዳ እምብርት ይገኛል።

ጠንካራው ቅርፊት የቧንቧው ጠባቂ ነው። በአንድ በኩል ኦክሲጅን ወደ ብረቱ እንዳይገባ፣ በሌላ በኩል የሟሟው ብረት ወደ ውኃው እንዳይወጣ ይከለክላል። ጥበቃው የሚዘልቀው ግን ከውጭ በኩል ኦክሲጅን ወይም ክሎሪን እስከ ተገኘ ድረስ ነው። ውኃ በቧንቧው ውስጥ ሲቆም በውስጡ ያለው ኦክሲጅንና ክሎሪን በየጊዜው ያልቃል። ብረቱ ግን ኤሌክትሮን መልቀቁን አያቆምም፤ ሌላ ተቀባይ በማጣቱ በላይኛው ክፍል ያለውን የዝገት ማዕድን ተቀባይ ያደርገዋል። ጠጣሩ ዝገት በዚህ መንገድ ተመልሶ ወደ ሟሟ ብረት ይለወጥና ወደ ቆመው ውኃ ይገባል። በማግስቱ ውኃ ሲለቀቅ ኦክሲጅንና ክሎሪን የያዘው አዲስ ውኃ ከሟሟው ብረት ጋር ይገናኛል፤ ብረቱም ወዲያው ወደ ቀይ ደቃቅ ጠጣር ይቀየራል። በማለዳ የሚታየው ቀይ ውኃ እንግዲህ በአብዛኛው የቆመበት ሌሊት ውጤት ነው።

የረቂቅ ተሕዋስያን ሁለት ገጽታ

ብረትን የሚያዘወትሩ ተሕዋስያን በሳይንስ ከታወቁ ቆይተዋል። ጀርመናዊው ኤረንበርግ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ጋሊዮኔላ የተባለውን፣ ጠመዝማዛ የዝገት ክር የሚሠራ ተሕዋስ ገልጿል። ሩሲያዊው ቪኖግራድስኪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1888 አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሟሟ ብረትን ወደ ዝገት በመለወጥ ኃይል እንደሚያገኙ አስረዳ። እነዚህ ብረት አኦክሳጅ ባክቴሪያዎች በቧንቧ ግድግዳ ላይ ሲሰፍሩ የእባጩን እድገት ያፋጥናሉ፤ በዙሪያቸው ያለውን ኦክሲጅን በመጠቀምም ከሥራቸው ኦክሲጅን የሌለበት ቀጠና ይፈጥራሉ።

ያ ቀጠና ለሌላ ወገን መኖሪያ ይሆናል። ሆላንዳውያኑ ፎን ቮልዞገን ኪውርና ፋን ደር ፍሉክት እ.ኤ.አ. በ1934 ኦክሲጅን በሌለው አፈር ውስጥ የተቀበሩ የብረት ቧንቧዎች ለምን እንደሚበሉ ሲመረምሩ ሰልፌትን የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎችን ተጠያቂ አደረጉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች በብረቱ ላይ የሚፈጠረውን ሃይድሮጅን በመጠቀም የዝገቱን ሂደት ያስቀጥላሉ የሚል ነበር ማብራሪያቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኔቸር በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ደግሞ አንዳንዶቹ ከዚህም አልፈው ኤሌክትሮንን ከብረቱ በቀጥታ እንደሚወስዱ አመለከተ። በባዛልት ውኃ ውስጥ ሰልፌት አነስተኛ መሆኑ የእነዚህን ባክቴሪያዎች ጉዳት ሊገድበው ይችላል፤ ዳሩ ግን ሰልፌት በእባጩ እምብርት ውስጥ ስለሚጠራቀም በውኃው ውስጥ ያለው መጠን ብቻውን በቂ ማረጋገጫ አይሆንም።

ይሁን እንጂ ተሕዋስያንን በጅምላ የቧንቧ ጠላት አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። ዝገትን የሚያሟሙ፣ ማለትም ብረት አሟሚ የሚባሉ ባክቴሪያዎች አሉ። እነዚህ በአንድ በኩል የቆየውን ሽፋን ሊያላሉ ይችላሉ፤ በሌላ በኩል ግን ከብረት አኦክሳጆቹ ጋር ተቀናጅተው ብረቱን ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ሲያመላልሱት ጥቅጥቅ ያለ ማግኔታይት እንዲፈጠር ያግዛሉ። ከዚህም በላይ ባዮፊልም የሚባለው በግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ስስ ሕያው ሽፋን ኦክሲጅንን ስለሚጠቀም ወደ ብረቱ የሚደርሰውን ይቀንሳል። አንድ ማኅበረ ተሕዋስያን አጥፊ ወይም ጠባቂ የሚሆነው በዓይነቱ ብቻ ሳይሆን በእድሜውና በሚኖርበት ውኃ መረጋጋት ነው።

ክሎሪን፦ መድኃኒትም፣ አዛጊም፣ ተበይም

ክሎሪንን ለሕዝብ ውኃ በቋሚነት መጠቀም በቤልጂጓ ሚድልከርከ እ.ኤ.አ. በ1902፣ በአሜሪካ ጀርሲ ሲቲ ደግሞ በ1908 ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ በውኃ ወለድ በሽታ የሚሞተውን ሰው ቁጥር በመቀነስ ረገድ ያበረከተው አስተዋጽኦ ከፍተኛ ነው። በኢትዮጵያም አስፈላጊነቱ ያለፈበት ጉዳይ አይደለም፤ በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. በባሌ የጀመረው የኮሌራ ወረርሽኝ በኋላ አማራ ክልልን ጨምሮ ወደ ብዙ ክልሎች መዛመቱ ለዚህ ምስክር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ውኃ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ከክሎሪን ጋር ከቆየ በኋላ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ነጻ ቀሪ ክሎሪን እንዲኖረው፣ በተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስም ከ0.2 ሚሊግራም እንዳያንስ ይመክራል። ስለዚህ ጥያቄው ክሎሪን ይጨመር ወይስ አይጨመር የሚል አይደለም፤ የተጨመረው እንዴት ተጠቃሚው ዘንድ ይድረስ የሚል ነው።

ክሎሪን ከብረት ቧንቧ ጋር ሲገናኝ ሦስት ነገሮች ይከናወናሉ። አንደኛ፣ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ የማኅበራቸውንም ስብጥር ይለውጣል። ሁለተኛ፣ ጠንካራ ኤሌክትሮን ተቀባይ በመሆኑ ባዶውን ብረት ያዝጋል። ሦስተኛ፣ በዚሁ ሥራ ራሱ ያልቃል። የመጨረሻው በቀላል ስሌት ሊታይ ይችላል። አንድ ሚሊግራም የሟሟ ብረት ወደ ዝገት ሲለወጥ ወደ 0.63 ሚሊግራም ክሎሪን ይወስዳል። ስለዚህ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ቀሪ ክሎሪን ይዞ ወደ ሰፈር የገባ ውኃ በቆመው መስመር ውስጥ 0.8 ሚሊግራም ያህል የሟሟ ብረት ከገጠመው ጥበቃው ሙሉ በሙሉ ያልቃል። ብረት በራሱ በዚህ መጠን ለጤና አስጊ አይደለም፤ ከ0.3 ሚሊግራም በላይ ሲሆን ልብስ ያቆሽሻል፣ ጣዕም ይለውጣል ከሚባለው በቀር። አደጋው የሚመጣው ብረቱ የሚወስደው ክሎሪን ለተሕዋስያን የታሰበው በመሆኑ ነው።

በዚህ ጊዜ የሚቀናው መፍትሔ መጠኑን መጨመር ነው። ሆኖም ለሸቫሊዬና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጡት የሙከራ ውጤት የዚህን መንገድ ወሰን ያሳያል። በዚንክ በተለበጠ ብረት፣ በመዳብና በፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ያደገው ባዮፊልም በሊትር 1 ሚሊግራም ክሎሪን በቀላሉ ሲመክን፣ ባልተለበጠ የብረት ቧንቧ ላይ ያደገው ግን በሊትር እስከ 4 ሚሊግራም የሚደርስ ነጻ ክሎሪን ለሁለት ሳምንት ተሰጥቶትም ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ክሎሪኑ ወደ ባዮፊልሙ ውስጥ ከመዝለቁ በፊት በዝገቱ ተበልቷልና። ከክሎሪንና ከአሞኒያ የሚሠራው ክሎራሚን ቀስ ብሎ የሚሠራና ከዝገት ጋር ብዙም የማይጋጭ በመሆኑ በዚያው ሙከራ የተሻለ ውጤት አስገኝቷል። ነገር ግን ጥብቅ ቁጥጥር የሚፈልግና የናይትሬት ፈጣሪ ባክቴሪያዎችን እድገት የሚጋብዝ ስለሆነ ለአነስተኛ ከተማ የውኃ አገልግሎት ቀላል አማራጭ አይደለም።

የክሎሪን አዛጊነትም ቢሆን በጊዜ የሚለዋወጥ ነው። በቻይና በታከመ ፍሳሽ ውኃ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዋንግና የሁ ጥናት ይህን ያብራራል። ክሎሪን ባገኙት የብረት ናሙናዎች ላይ ጥቅጥቅ ያለ የዝገት ሽፋንና ባዮፊልም ከተፈጠረ በኋላ ዝገቱም የክሎሪን ብክነቱም ቀንሶ ተረጋግቷል። ክሎሪን ባላገኙት ላይ ደግሞ ልዩ ልዩ አዛጊ ባክቴሪያዎች በመጀመሪያው ወቅት ዝገቱን ሲያፋጥኑ ቆይተው፣ ኋላ ብረት አሟሚዎቹ ሲበዙ የሚከላከል ሽፋን ተሠርቷል። ሁለቱም መንገዶች በስተመጨረሻ ወደ መረጋጋት አደረሱ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቧንቧን የሚጎዳው ክሎሪን መኖሩ ወይም አለመኖሩ ሳይሆን መዋዠቁ ሊሆን እንደሚችል ነው፤ ዛሬ ብዙ፣ ነገ ምንም የሆነ አጨማመር ሽፋኑ እንዲረጋ ጊዜ አይሰጠውም።

ከሌሎች ከተሞች የተገኘ ተሞክሮ

መረጋጋት ሲናጋ የሚሆነውን ሦስት የታወቁ አጋጣሚዎች አሳይተዋል። የአሜሪካዋ ቱሳን ከተማ ከከርሰ ምድር ውኃ ወደ ኮሎራዶ ወንዝ ውኃ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1992 ስትሸጋገር በአሮጌዎቹ ሰፈሮች ቀይ ውኃ ፈሰሰ፤ ቅሬታውም በርትቶ አቅርቦቱ በ1994 ተቋረጠ። በቤጂንግ እ.ኤ.አ. በ2008 ሰልፌት የሚበዛበት ውኃ ከሌላ ክፍለ ሀገር ሲገባ ተመሳሳይ ችግር ተከሠተ። በተለይ የተጎዱት ቀድሞ የከርሰ ምድር ውኃ ሲያገኙ የነበሩ፣ የቧንቧቸው ሽፋን ስስ የሆነ ሰፈሮች ነበሩ፤ ማግኔታይት የበዛበት ወፍራም ሽፋን የነበራቸው ግን ለውጡን ተቋቁመዋል።

ከሁሉ የከፋው በሚሺጋኗ ፍሊንት የደረሰው ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ዝገትን የሚገታ ፎስፌት ሳይጨመርበት ክሎራይድ የበዛበትን የወንዝ ውኃ መጠቀም ጀመረች። የፍሊንት ስም በአብዛኛው የሚነሣው ከእርሳስ መመረዝ ጋር ተያይዞ ነው። የብረት ቧንቧዎቹም ግን ክፉኛ ዝገው ክሎሪኑን ጨርሰውት ነበር፤ በ2014 እና በ2015 በአካባቢው በተቀሰቀሰው የሊጆኔላ ሳንባ ምች 12 ሰዎች ሲሞቱ፣ የቀሪ ክሎሪን መጥፋት ለባክቴሪያው መራባት ምክንያት ከሆኑት አንዱ መሆኑን ተመራማሪዎች አመልክተዋል። የብረት ዝገት ከመልክና ከጣዕም ጉዳይ አልፎ የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ለመካነ ኢየሱስና ለመሰሎቿ ምን ማለት ነው?

እነዚህ ከተሞች ከመካነ ኢየሱስ እጅግ የሚበልጡ ቢሆኑም አሠራሩ አንድ ነው። የደጋ አነስተኛ ከተሞች መስመር በሦስት ምክንያት ሊናጋ ይችላል። የመጀመሪያው የፈረቃ አቅርቦት ነው። ከላይ እንደ ተብራራው እያንዳንዱ መቋረጥ ዝገቱ ወደ ሟሟ ብረት የሚመለስበት ዕድል ሲሆን፣ እያንዳንዱ መለቀቅ ደግሞ የላላውን ሽፋን የሚያናውጥ ድንገተኛ ግፊት ነው። መስመሩ ባዶ በሚሆንበት ጊዜም አየር ገብቶ እርጥቡን ግድግዳ በፍጥነት ያዝጋል፤ በተሰነጠቀ መጋጠሚያም የውጭ ፍሳሽ ሊሰርግ ይችላል። ክሎሪን በጣም የሚያስፈልግበትና ፈጥኖ የሚያልቅበት ሰዓት አንድ የሚሆነው እንግዲህ በዚህ ነው።

ሁለተኛው የክሎሪን አጨማመር ነው። በብዙ አነስተኛ ከተሞች የሚያገለግለው ካልሲየም ሃይፖክሎራይት የተባለው ዱቄት ነው። 65 በመቶ ጥንካሬ ያለው ዱቄት ከሆነ 100 ሜትር ኩብ በሚይዝ ጋን ውስጥ በሊትር 1 ሚሊግራም ለማግኘት 154 ግራም ይበቃል። ዱቄቱ ግን በሙቀትና በእርጥበት እየደከመ ይሄዳል። ጥንካሬው ወደ 50 በመቶ ከወረደ ያው 154 ግራም የሚሰጠው 0.77 ሚሊግራም ብቻ ነው። በበጋና በክረምት መካከል ያለው የውኃ ባሕርይ ልዩነት ሲታከልበት፣ በመዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚታየው አጨማመር በቧንቧው ውስጥ ተለዋዋጭ ይሆናል።

ሦስተኛው የምንጭ መቀየር ነው። የሕዝብ ቁጥር ሲያድግ ከተሞች ከምንጭ ወደ ጥልቅ ጉድጓድ መሸጋገራቸው ወይም ሁለቱን መቀላቀላቸው የማይቀር ነው። አዲስ አበባም ከለገዳዲና ከገፈርሳ የገጸ ምድር ውኃ ጋር የአቃቂን ጉድጓዶች ውኃ ትጠቀማለች። የቱሳንና የቤጂንግ ተሞክሮ የሚያስተምረው አዲሱ ውኃ በራሱ ንጹሕ መሆኑ እንደማይበቃ ነው፤ ከአሮጌው ቧንቧ ጋር መስማማቱ አስቀድሞ ሊፈተሽ ይገባል።

ይህን ለማጥናት እጅግ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከጋኑ መውጫ እስከ መጨረሻው ቦኖና የቤት ቧንቧ ድረስ አምስት ወይም ስድስት ነጥቦችን መርጦ፣ ውኃ ከተቋረጠ በኋላ በተለቀቀበት ቅጽበት፣ ከ5፣ ከ15 እና ከ30 ደቂቃ በኋላ ነጻ ክሎሪንን፣ ጠቅላላና የሟሟ ብረትን፣ የሟሟ ኦክሲጅንን፣ የአሲድነት መጠንንና ድፍርስነትን መለካት መሠረታዊውን ሥዕል ይሰጣል። ከጋኑ የተቀዳ ውኃ በንጹሕ ጠርሙስ ሲቀመጥ የሚያጣው ክሎሪን በውኃው ምክንያት የሚባክነው ነው፤ ያው ውኃ በመስመሩ ሲጓዝ ከዚያ በላይ የሚያጣው ደግሞ የግድግዳው ድርሻ ነው። ይህ አንድ ንጽጽር ብቻውን ገንዘብ መዋል ያለበት ለተጨማሪ ክሎሪን ነው ወይስ ለቧንቧ ቅየራ የሚለውን ጥያቄ ሊመልስ ይችላል። ክብደታቸው የታወቀ ትንንሽ የብረት ቁራጮችን ክሎሪን ባለውና በሌለው ውኃ ውስጥ ለወራት አቆይቶ መመዘን፣ የባዮፊልማቸውንም ማኅበረ ተሕዋስያን መለየት የዝገቱን ፍጥነትና ተዋናዮቹን ያሳያል። መለኪያው በበጋም በክረምትም ሊደገም ይገባል። በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ላሉ የምሕንድስና፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ተመራቂ ተማሪዎች ይህ በአንድነት ሊሠሩት የሚችሉት ርእሰ ጉዳይ ነው።

ጥናቱ እስኪጠናቀቅ የሚጠብቁ ያልሆኑ እርምጃዎችም አሉ። ክሎሪን በየቀኑ በተመሳሳይ መጠንና ሰዓት እንዲጨመር ማድረግ፣ የዱቄቱን ጥንካሬ አልፎ አልፎ መፈተሽ፣ ፈረቃው ሲዞር ቫልቮችን ቀስ ብሎ መክፈት፣ መውጫ የሌላቸውን የመስመር ጫፎች በየጊዜው ከላይ ወደ ታች ማጠብ፣ አዲስ ምንጭ ሲገባ በአንድ ቀን ሳይሆን እያቀላቀሉ ማሸጋገር ከእነዚህ ይጠቀሳሉ። የተበሉ ቀጭን የብረት መስመሮችን በፕላስቲክ መቀየርም ከግድግዳው ስፋት አንጻር ከሚጠበቀው በላይ ጥቅም ሊሰጥ ይችላል።

ማጠቃለያ

ብረት፣ ረቂቅ ተሕዋስያንና ክሎሪን በአንድ ቧንቧ ውስጥ የሚኖሩ ናቸውና በየክፍሉ ተለያይተው ሊጠኑ አይገባም። ክሎሪን ተሕዋስያንን ሲገታ ብረትን ይነካል፤ ብረት ሲዝግ ክሎሪንን ይበላል፤ ተሕዋስያንም እንደ ሁኔታው ዝገቱን ያፋጥናሉ ወይም ያረጋጋሉ። ሦስቱን የሚያስማማው የፍሰት፣ የኬሚስትሪና የአጨማመር ቋሚነት ነው። በማጠራቀሚያው ጋን ላይ የተመዘገበ አጥጋቢ ቁጥር ለመጨረሻዋ ቦኖ ዋስትና አይደለም። ቀይ ውኃ ያየ ቤተሰብ ከቧንቧው ሸሽቶ ወዳልተጠበቀ ምንጭ ወይም ወንዝ ቢወርድ በአንድ ጊዜ ሁለት ጥበቃ ያጣል፤ እስኪጠራ ጠብቆ የቀዳውም ቢሆን የውኃው መጥራት የክሎሪኑን መመለስ እንደማያረጋግጥለት ሊነገረው ይገባል። ይህን ሊያረጋግጥለት የሚችለው በዚያችው ቦኖ ላይ፣ በዚያው ሰዓት የሚደረግ መለኪያ ብቻ ነው።